አይስክሬም፣ ስንዴና የታመመ አንጀት፤ የአንድ ማምረቻ መስመር ታሪክ

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ በለንደን ጎዳናዎች አይስክሬም ይሸጥ የነበረው በትንንሽ ወፍራም ብርጭቆዎች ነበር። ገዢው አንድ ፔኒ ከፍሎ ብርጭቆውን ይቀበላል፤ ልሶ ሲጨርስ ለሻጩ ይመልሳል፤ ሻጩም ብርጭቆውን በባልዲ ውሃ ነከር ወይም በጨርቅ ጠረግ አድርጎ ለሚቀጥለው ደንበኛ ይሞላለታል። «ፔኒ ሊክ» እየተባለ ይጠራ የነበረው ይህ ዕቃ ከሥሩ ድፍን መስታወት ስለ ነበር ብዙ የያዘ ይመስላል እንጂ የሚይዘው ከአንድ ጉርሻ እምብዛም አይበልጥም። ማታለሉስ ይቅር ቢባል፣ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው በሽታ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። የሳምባ ነቀርሳን የመሰሉ በሽታዎች በዚሁ ብርጭቆ እንደሚዛመቱ ስለ ታመነ፣ በ1899 ፔኒ ሊክ በለንደን ተከለከለ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ በኋላ የተስፋፋው መፍትሔ በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ እጅግ የሚያምር ነው። ዕቃውን አሻሽሎ ከማጠብ ይልቅ መታጠብን ጨርሶ አስቀረው። ከይዘቱ ጋር የሚበላ ዕቃ ወደ ሻጩ አይመለስም፤ የማይመለስ ዕቃም በሽታ አያመላልስም። ሐሳቡ አስቀድሞ በወጥ ቤት ውስጥ የታወቀ ነበር፤ አግነስ ማርሻል የተባሉት እንግሊዛዊት የምግብ አሠራር መምህርት በ1888 ባሳተሙት መጽሐፍ ከተፈጨ ለውዝና ከጥሩ ዱቄት የሚጋገር፣ ክሬም የሚሞላበት ቀንድ መሰል ብስኩት አሠራርን ገልጸዋል። በ1902 በማንቸስተር ይኖሩ የነበሩት አንቶኒዮ ቫልቮና የአይስክሬም መያዣ የሚሆኑ የብስኩት ጽዋዎችን ለመጋገሪያ ላዘጋጁት መሣሪያ ፓተንት ተቀበሉ። በኒው ዮርክ በጋሪ አይስክሬም ይሸጡ የነበሩት ጣሊያናዊው ኢታሎ ማርኪዮኒም በመስከረም 1903 አመልክተው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ለማቅለጫ ቅርጻቸው የፓተንት ባለቤት ሆኑ። በ1904 በሴንት ሉዊስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ትርኢት፣ የሶርያ ተወላጅ የሆኑት ኧርነስት ሐምዊ ጎረቤታቸው የነበረው አይስክሬም ሻጭ ዕቃ ሲያልቅበት ትኩሱን ስስ ብስኩት ጠቅልለው ሰጡት ይባላል፤ ነገር ግን ይህንኑ ክብር ለራሳቸው የሚጠይቁ ሌሎች በርካታ ሰዎች ስላሉ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ክርክሩ ይቆየንና፣ በ1912 በኦሬጎን ግዛት የፖርትላንድ ነዋሪ የነበሩት ፍሬዴሪክ ብሩክማን ኮን የሚጠቀልል መኪና ፓተንት አወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ኮን የእጅ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የፋብሪካ ውጤት ሆነ።

እንግዲህ አንዱን አደጋ ለማስወገድ የተፈለሰፈው ኮን ሌላ አደጋ ይዞ ወደ አይስክሬም ቤት ገባ። ከወተት፣ ከክሬምና ከስኳር የሚሠራው አይስክሬም በባሕርዩ ስንዴ የለበትም። ስንዴ ወደ እርሱ የመጣው በመጀመሪያ በመያዣው፣ ቀጥሎ በጌጡና በማጣፈጫው፣ በመጨረሻም በማምረቻው ቧንቧ በኩል ነው። ኮኑ በተፈለሰፈበት ዘመን ይህ ነገር ማንንም ሊጎዳ ይችላል ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም፤ ሊጠረጥርም አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም ሕመሙ ስም ቢኖረውም የሕመሙ ምክንያት ገና አልታወቀም።

በስንዴ ውስጥ ያለውን ይህን ነገር ለይተው ያወጡት የቦሎኛው ሊቅ ያኮፖ ቤካሪ ናቸው። በ1728 ባቀረቡትና በ1745 በታተመው ጥናታቸው እንዳመለከቱት፣ የስንዴ ሊጥ በውሃ ውስጥ እየታሸ ሲታጠብ ስታርቹ ውሃውን እንደ ወተት አንጥቶ ይወርዳል፤ በእጅ ላይ የሚቀረው ግን እንደ ማስቲካ የሚሳብ፣ የሚጣበቅና በውሃ የማይሟሟ ነገር ነው። ግሉተን የሚባለው ይኸው ነው። ዳቦ እንዲነፋ የሚያደርገውም እርሱ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ቶማስ ኦስቦርን በ1907 ስለ ስንዴ ፕሮቲኖች ባሳተሙት ሥራ ዋና ዋና ክፍሎቹን ግሊያዲንና ግሉቴኒን ብለው ለዩ፤ ግሊያዲን በንጹሕ ውሃ ሳይሆን አልኮል በተቀላቀለበት ውሃ እንደሚሟሟ አሳዩ። ይህ ዝርዝር ነገር ወደ ኋላ ስለ ፋብሪካ እጥበት ሲነሣ ተመልሶ ይመጣልና አንባቢ ልብ ይበለው።

ሕመሙ በበኩሉ እጅግ የቆየ ነው። የቀጰዶቅያው ግሪካዊ ሐኪም አሬቴዎስ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕተ ዓመታት ውስጥ የበሉት ሳይፈጭ የሚወጣባቸውን፣ የሚከሱትንና የሚዝሉትን ሕሙማን ገልጸው ሆድ ከሚለው የግሪክ ቃል ስም አወጡለት፤ ሴሊያክ የሚለው ስያሜ ከዚያ የመጣ ነው። በ1887 የለንደኑ ሐኪም ሳሙኤል ጂ በሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ባደረጉት ንግግር ሕመሙን በዘመናዊ መልክ ገለጹት፤ ንግግሩ በ1888 ታተመ። ጂ የሚድን ከሆነ የሚድነው በምግብ ነው የሚል ብርቱ እምነት ነበራቸው፤ በዚህም ልክ ነበሩ። የትኛው ምግብ የሚለውን ግን ሳቱት። ሩዝን ከለከሉ፤ በስሱ ተቆርጦ በሁለት በኩል የተጠበሰ ዳቦንና ብቅል ያለበትን ምግብ ግን ፈቀዱ። ዛሬ ከሚታወቀው ጋር ሲመዛዘን ነገሩ ፍጹም ተገላቢጦሽ ነው፤ ሩዝ ለበሽተኛው ደኅና ነው፤ የስንዴ ዳቦና የገብስ ብቅል ግን መርዙ ናቸው። የሚያስገርመው፣ በየቀኑ የሆላንድ ቀንድ አውጣ መሰል የባሕር ምግብ የተመገበ አንድ ሕፃን እንደ ተሻለው፣ ወቅቱ አልፎ ምግቡ ሲቋረጥ ግን ሕመሙ እንደ ተመለሰበት ጂ ራሳቸው መዝግበዋል። መረጃው በእጃቸው ነበር፤ መልሱ ግን ሕፃኑ በበላው ሳይሆን ባልበላው ላይ ስለ ነበር አልታያቸውም።

በ1924 የኒው ዮርኩ ሲድኒ ሃስ ስምንት ሕፃናትን በሙዝ ላይ በተመሠረተ ምግብ አክመው መልካም ውጤት ማግኘታቸውን አሳወቁ። ዳቦና ሌሎች የእህል ምግቦች በዚያ ሥርዓት የተከለከሉ ስለ ነበሩ ሕፃናቱ ዳኑ፤ ምስጋናው ግን ለሙዙ ተሰጠ። ለብዙ ዓመታትም የሙዝ ሕክምና ሲነገርለት ኖረ። መፍትሔው ሠርቶ ምክንያቱ የተሳሳተበት እንዲህ ያለ ጉዳይ በምሕንድስናም ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ የሚሠራ ነገር ለምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ጥቂት ነውና።

እውነተኛውን ምክንያት ያገኙት ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዊለም ካረል ዲኬ ናቸው። በ1905 የተወለዱት ዲኬ ገና በሠላሳ አንድ ዓመታቸው በ1936 በሄግ ከተማ የዩልያና የሕፃናት ሆስፒታል ኃላፊ ሆኑ። ብዙ ጊዜ ግኝቱን የወለደው የ1944ና የ1945 ክረምት ረሃብ ነው ተብሎ ይተረካል። በዚያ ክረምት በጀርመን ወረራ ሥር የነበረው የሆላንድ ምዕራባዊ ክፍል ዳቦ አጥቶ፣ ሕዝቡ የቱሊፕ ሥር እስከ መብላት ደርሶ ነበር፤ ሌላው ሕፃን ሁሉ ሲከሳ የሴሊያክ ሕሙማን ሕፃናት ግን እንዳልባሰባቸው፣ ይልቁንም እንደ ተሻላቸው ታየ። ታሪኩ ልብ የሚነካ ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። ዲኬ ስንዴ የሌለበትን ምግብ መሞከር የጀመሩት ከጦርነቱ በፊት በ1930ዎቹ ሲሆን፣ ስለዚሁም በ1941 በሆላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈው ነበር። ረሃቡ አስቀድመው የያዙትን ጥርጣሬ አጸናላቸው እንጂ አልፈጠረላቸውም። ግኝትን ለአጋጣሚ የመስጠት ልማድ የብዙ ዓመታት ትዕግሥትን የሚያስረሳ መጥፎ ልማድ ነው።

ዲኬ ጥርጣሬውን ወደ ማስረጃ የለወጡት በሚዛን ነው። ባልደረባቸው የኬሚስትሪ ሊቅ ቫን ደ ካመር በዓይነ ምድር ውስጥ ያለውን ቅባት በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለካ ዘዴ አዘጋጁ። ሕፃኑ የሚበላው ቅባት ይመዘናል፤ የሚያስወጣው ቅባት ይመዘናል፤ ልዩነቱ አንጀቱ የመጠጠው ነው። ማንኛውም መሐንዲስ ለቦይለርም ሆነ ለውሃ ማጠራቀሚያ የሚሠራው የገቢና የወጪ ሒሳብ ይኸው ነው። ስንዴ ሲሰጥ የሚጠፋው ቅባት ይጨምራል፤ ስንዴ ሲቋረጥ ይቀንሳል፤ ሩዝ፣ የበቆሎ ስታርችና ድንች ሲሰጥ ለውጥ አይታይም። ዲኬ ይህን ውጤት በ1950 ለዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ አስመዘገቡ። በ1952 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ሻርሎት አንደርሰንና ባልደረቦቻቸው ዱቄቱን ቤካሪ እንዳደረጉት አጥበው ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ ሰጡ፤ ስታርቹ ጉዳት አላመጣም፤ ጥፋተኛው ግሉተን ሆኖ ተገኘ።

የቀረው አንጀቱን ማየት ነበር። በ1956 ማርጎት ሻይነር በአፍ በሚገባ ቱቦ ከትንሹ አንጀት ናሙና የሚወስዱበትን ዘዴ አስተዋወቁ። በ1957 ዊልያም ክሮስቢና ሃይንዝ ኩግለር የሠሩት መሣሪያ ደግሞ የረቀቀ የመካኒክ ሥራ ነው። በሽተኛው በቀጭን ቱቦ ጫፍ የታሰረች ትንሽ የብረት እንክብል ይውጣል፤ እንክብሏ ከታሰበው ቦታ ስትደርስ በቱቦው አየር ይሳባል፤ የአንጀቱ ሽፋን በእንክብሏ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ በዚያው ቅጽበት በሞላ የታሰረው ስለት ዞሮ ትንሽ ቁራጭ ይቆርጣል። በዚህ የተወሰደው ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ በጤነኛ ሰው ትንሽ አንጀት ውስጥ እንደ ጣት ቆመው ምግብ የሚመጡት ጥቃቅን እጥፋቶች በሴሊያክ በሽተኛ ዘንድ ተስተካክለውና ጠፍተው ተገኙ። ግሉተን ሲቋረጥ እንደ ገና ያድጋሉ። ቀጥሎ የመጣው ምርምር ሕመሙ በዘር የሚወረስ ዝንባሌ ያለበት፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል በራሱ አንጀት ላይ የሚነሣበት መሆኑን አረጋገጠ፤ በብዙ አገሮችም ከመቶ ሰው አንዱን ያህል እንደሚይዝ ታወቀ። ሴሊያክ ሳይኖርባቸው ስንዴ ሲበሉ የሚታመሙም አሉ፤ የእነዚህ ጉዳይ በተለይ ከ2010 ወዲህ ራሱን የቻለ ስም አግኝቷል፤ መንሥኤው ግሉተን ይሁን ሌላ የስንዴ ክፍል ገና ያከራክራል። የሁለቱም ወገኖች ጥያቄ በአይስክሬም ቤት ፊት አንድ ነው።

አይስክሬም በበኩሉ የራሱን መንገድ ይጓዝ ነበር። በ1843 የፊላዴልፊያዋ ናንሲ ጆንሰን በእጅ የሚዞር ማቀዝቀዣ ፓተንት አወጡ፤ በ1851 የወተት ነጋዴው ጄኮብ ፈሰል በባልቲሞር ሥራውን ወደ ፋብሪካ ደረጃ አደረሱት፤ በ1920ዎቹ ማብቂያ ክላረንስ ቮክት ሳያቋርጥ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ሠሩ። ዛሬ በማንኛውም ትልቅ ፋብሪካ ያለው ሥርዓት ከዚህ የወረደ ነው። ወተቱ፣ ክሬሙ፣ ስኳሩና ማወፈሪያው ተቀላቅሎ በሙቀት ይታከማል፤ ቅባቱ በግፊት ይደቃል፤ ድብልቁ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለሰዓታት ያርፋል፤ ከዚያም ፋቂ ስለት በሚዞርበት ሲሊንደር ውስጥ አየር እየገባበት ከዜሮ በታች 5 ወይም 6 ዲግሪ ድረስ ቀዝቅዞ ለስልሶ ይወጣል። ፍራፍሬው፣ ለውዙና ብስኩቱ የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው። በመጨረሻም ታሽጎ ወደ ከባድ ማቀዝቀዣ ክፍል ይገባል።

ከዚህ ቅደም ተከተል አንድ ትልቅ ነገር ይገኛል። ስንዴ ያለበት ነገር የሚገባው በመስመሩ መጨረሻ ላይ፣ ማለትም ከማንኛውም የሙቀት ሕክምናና ማጣሪያ በኋላ ስለ ሆነ፣ ዋናው ድብልቅ በደንቡ ንጹሕ ነው። ለበሽተኛው የሚያሠጋው ከብስኩት መጨመሪያው እስከ ማሸጊያው ያለው ጥቂት ሜትር መንገድ ነው።

ስንዴና ገብስ ወደዚያ መንገድ የገቡት ቀስ በቀስ ነው። ዊልያም ሆርሊክ በ1883 በዊስኮንሲን ከገብስ ብቅል፣ ከስንዴ ዱቄትና ከወተት ለሕፃናትና ለሕሙማን የሚሆን ዱቄት አዘጋጅተው ፓተንት አወጡ፤ ሳሙኤል ጂ ብቅል ያለበትን ምግብ ለሕሙማን ሕፃናት የፈቀዱት ከዚህ አራት ዓመት በኋላ መሆኑ ሲታሰብ የዘመኑ እምነት ምን ያህል የጋራ እንደ ነበር ይገባል። በ1922 በቺካጎ አንድ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ የብቅሉን ወተት ከአይስክሬም ጋር መትቶ ማቅረብ ጀመረ፤ የብቅል መጠጡ በአሜሪካ የወጣቶች መናፈሻ ሁሉ ተስፋፋ። ከ1970ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የተሰባበረ ብስኩት ያለበት አይስክሬም ገበያውን ያዘ፤ በ1991 ቤን ኤንድ ጄሪስ የተባለው አምራች ያልተጋገረ የብስኩት ሊጥ ያለበትን አይስክሬም አሽጎ መሸጥ ጀመረ። በዚህ ጊዜ ስንዴው ከመያዣነት ወደ ይዘትነት ተሸጋገረ።

በሌላ በኩል ያለ ጥፋታቸው የሚፈሩ ነገሮች አሉ። በሽተኞች በማሸጊያው ላይ የጓር ሙጫ፣ የካሮብ ፍሬ ሙጫ ወይም ቅባትና ውሃን የሚያዋህዱ ውሁዶችን ስም ሲያነቡ ይደነግጣሉ። ሙጫዎቹ ከጥራጥሬ ወገን ፍሬዎች የሚገኙ ናቸው፤ የስንዴ ዘመድ አይደሉም። ስሙ ሲሰማ የሚያስፈራው ይህ ሁሉ ደኅና ሲሆን፣ «ብቅል» የሚለው ለስላሳ ቃል ግን ጎጂ ነው። በአሜሪካ በ2004 የወጣው የምግብ አለርጂ ሕግ ስንዴ በግልጽ እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ ገብስ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ ስላልገባ አንባቢው ራሱ ብቅልን ፈልጎ ማግኘት አለበት።

አሁን ጉዳዩ ወደ መሐንዲሱ ጠረጴዛ ይመጣል። የወተት ኢንዱስትሪ መሐንዲሶች ከመቶ ዓመት በላይ የተመኩበት ድል በረቂቅ ሕያዋን ላይ የተገኘ ድል ነው። ሙቀት ይገድላቸዋል፤ ቅዝቃዜ ያስተኛቸዋል፤ ክሎሪን ያጠፋቸዋል። ግሉተን ግን ሕይወት የለውም፤ ስለዚህ አይሞትም። የሙቀት ሕክምና አይነካውም፤ በረዶ ያቆየዋል እንጂ አያበላሸውም፤ ፀረ ተሕዋስያን ኬሚካል ቢፈስስበት ከቦታው አይነሣም። ጀርም ፍለጋ በተደረገ ምርመራ «ንጹሕ» የተባለ ቧንቧ በግሉተን የተሞላ ሊሆን ይችላል። ይህ ልዩነት ካልገባ በስተቀር ምንም ዓይነት የጽዳት መርሐ ግብር ከወረቀት አያልፍም።

ከግሉተን የሚገላግለው ብቸኛ መንገድ ከቦታው ማንሣትና ማውጣት ነው። ቤካሪ ያዩት ባሕርይ እዚህ ይታያል፤ ዱቄት ውሃ ሲነካው ይጣበቃል፤ ቤካሪ ራሳቸው በውሃ እያጠቡ የሰበሰቡትን ነገር በውሃ ብቻ አጥቦ ማስወገድ ዘበት ነው። የፈላ ውሃ መጀመሪያ ከተለቀቀ ፕሮቲኑ በብረቱ ላይ በስሎ ይቀራል። ስለዚህ አስቀድሞ የወደቀው ፍርፋሪ በደረቁ ይጠረጋል፤ ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል፤ ከዚያ በኮስቲክ ሶዳ፣ እንደ ገና በውሃ፣ በመጨረሻም በአሲድ ይታጠባል። ፍርፋሪውን በአየር ግፊት መንፋት ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ብናኙን ከአንዱ መስመር አንሥቶ በሌላው ላይ የሚበትን ስለ ሆነ ከማጽዳት ይልቅ መዝራት ነው። ደግሞም መፈታት የማይችል ዕቃ መታጠብ አይችልም። የብስኩት መጨመሪያው መዘውር፣ የፓምፑ ጓርኒሲዮን፣ ውሃ የማይዞርበት የቧንቧ ክርን፣ በዐይን የማይታይ የብየዳ ስንጥቅ፤ እነዚህ ሁሉ የሚወሰኑት ፋብሪካው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በንድፍ ወረቀት ላይ ነው። የጽዳት ሠራተኛ ሊደርስበት የማይችለውን ጥግ የነደፈ ሰው ጥፋቱን በጽዳት ሠራተኛው ላይ ሊጥል አይገባም።

ቀላሉ ጥበብ ግን የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ቫኒላው በማለዳ፣ ፍራፍሬው ቀጥሎ፣ ብስኩቱ በመጨረሻ፤ ከዚያ ሙሉ እጥበት። ከብስኩት ወደ ቫኒላ መመለስ የሚቻለው በእጥበት በኩል ብቻ ነው። ይህን ሥርዓት የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ስንፍና ሳይሆን ቁጠባ ነው። መስመሩ ሲጀምርና ሲቆም፣ ሚዛን ያልሞላ ወይም አስቀያሚ ሆኖ የወጣ አይስክሬም ይኖራል። ይህ ቀልጦ ወደ ድብልቅ ገንዳ ይመለሳል፤ ቀለሙ እንዳይታወቅም ብዙ ጊዜ በቸኮላት ውስጥ ይገባል። ለሒሳብ ክፍሉ ጥሩ ነገር ነው። ብስኩት ያለበት ቅሪት ግን በወንፊት ቢያልፍ እንኳ ዱቄቱ ከፈሳሹ ጋር ያልፋልና፣ በዝርዝሩ ላይ ስንዴ የሌለበት ቸኮላት አይስክሬም ስንዴ ይዞ ይወጣል። ብስኩት ያለበት ቅሪት ወደዚያው ዓይነት ብቻ መመለስ አለበት፤ ያለዚያ መጣል አለበት።

«ግሉተን የሌለበት» ማለትስ ስንት ማለት ነው? የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት የጋራ ኮሚሽን የመጀመሪያውን መመዘኛ ያጸደቀው በ1979 ነው። በዚያን ጊዜ ግሉተንን ለይቶ የሚለካ አመቺ ዘዴ ስላልነበረ መለኪያው ናይትሮጂን ነበር፤ ከእህሉ ደረቅ ክብደት በ100 ግራም ውስጥ ከ0.05 ግራም እንዳይበልጥ ተወሰነ። ይህ ለታጠበ የስንዴ ስታርች ይሠራል። ለአይስክሬም ግን ትርጉም የለውም፤ የወተት ፕሮቲን ራሱ በናይትሮጂን የተሞላ ነውና የቱ ከስንዴ፣ የቱ ከላም እንደ መጣ አይለይም። ግሊያዲንን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በ1990 ገደማ በአውስትራሊያ፣ ኋላም በተሻለ ሁኔታ በማድሪድ ተዘጋጅቶ ለመለኪያነት ሲውል ነው ነገሩ የተቃናው። በ2008 የተሻሻለው መመዘኛ በአንድ ኪሎግራም ምግብ 20 ሚሊግራም ግሉተንን የመጨረሻ ድንበር አደረገ፤ የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ2009፣ አሜሪካ በ2013 ይህንኑ ቁጥር በሕግ ተቀበሉ፤ የአሜሪካው ደንብ ከነሐሴ 2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደ ሆነ በስሌት ማየት ይበጃል። በ2007 የታተመ የጣሊያን ጥናት በቀን 50 ሚሊግራም ግሉተን ለሦስት ወር የወሰዱ በሽተኞች አንጀት መጎዳቱን አሳይቷል፤ ብዙ ሐኪሞች በቀን 10 ሚሊግራምን እንደ ጥንቃቄ ድንበር ይወስዳሉ። ሠላሳ ግራም የሚመዝን ቁራሽ ዳቦ በግምት 2 ግራም ግሉተን ስላለው፣ 10 ሚሊግራም የዚያ ቁራሽ ሁለት መቶኛ ክፍል ነው። በድንበሩ ላይ ያለ 100 ግራም አይስክሬም 2 ሚሊግራም ብቻ ይይዛል፤ በዚህ መሠረት ድንበሩ በቂ ነው። አሁን 10 ኪሎግራም በሚይዝ የአይስክሬም ባልዲ ውስጥ 11 ግራም የሚመዝን አንድ ብስኩት ወደቀ እንበል። ብስኩቱ ግማሽ ግራም ያህል ግሉተን ቢኖረው፣ እኩል ቢበተን በኪሎ 50 ሚሊግራም ይሆናል፤ አንድ ብስኩት መላውን ባልዲ ከድንበር አሳለፈው ማለት ነው። እውነቱ ግን ከዚህም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም በረዶ በሆነ ነገር ውስጥ ፍርፋሪ እኩል አይበተንም። ዘጠና ዘጠኙ ማንኪያ ንጹሕ ሆኖ መቶኛው ብስኩቱን ይዞ ይወጣል። ናሙናው ከንጹሑ ከተወሰደ ምርመራው ያልፋል። አማካይ ቁጥር ለድልድይም ለአይስክሬምም አንድ ዓይነት አደገኛ መጽናኛ ነው።

ፋብሪካው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ የመጨረሻው ሜትር በሻጩ እጅ ነው። በአይስክሬም ቤት መጨለፊያዎቹ ውሃ በሚፈስስበት አንድ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ብስኩት ያለበትን የጨለፈው መጨለፊያ ከዚያ ወጥቶ ወደ ቫኒላው ይገባል። ሻጩ ኮኑን በግራ እጁ ይዞ በባልዲው ላይ ጎንበስ ሲል ፍርፋሪ ይወርዳል። የፔኒ ሊክ የውሃ ባልዲ በሌላ መልክ ተመለሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚያዋጣው ልማድ የታወቀ ነው፤ በጽዋ እንጂ በኮን አለመቀበል፣ መጨለፊያው በሳሙና እንዲታጠብ መጠየቅ፣ ካልተከፈተ አዲስ ባልዲ እንዲቀዳ ማድረግ፣ ከላይ የሚነሰነሰውን መተው። ከሁሉ የሚሻለው በፋብሪካ የታሸገና ግሉተን እንደሌለበት የተጻፈበት ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያቀርብ ደንበኛ እንደ ቅንጦተኛ እየታየ ብዙ ጊዜ ፊት ይነሣዋል፤ ሻጩ ግን በ1899 ንጹሕ ብርጭቆ የጠየቀ ሰውን ቅንጦተኛ ነበር ይል እንደሆነ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነበር።

አንድ ተጨማሪ ነገር መነሣት አለበት፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታልና። ሕመሙ ገና የታወቀለት ሰው ፍጹም ንጹሕ አይስክሬም በልቶ ሆዱ ሊነፋና ሊያስቀምጠው ይችላል። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የሚገኘው በእነዚያ ጣት መሰል እጥፋቶች ጫፍ ላይ ስለ ሆነ፣ እጥፋቶቹ ሲጠፉ እርሱም አብሮ ይጠፋል። ጥፋተኛው በዚህ ጊዜ ወተቱ እንጂ ግሉተን አይደለም። እጥፋቶቹ ከወራት በኋላ ሲያድጉ ብዙዎች ወደ አይስክሬማቸው ይመለሳሉ።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባችው በጤፍ በኩል ነው። በ2005 የላይደን ተመራማሪዎች የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው ለሴሊያክ በሽተኛ ጎጂ የሆኑት የግሉተን ክፍሎች እንደሌሉበት በአሜሪካው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አሳወቁ። በ2007 አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ተቀበለ፤ ነገሩ በኢትዮጵያ ብዙ ቁጣ ካስነሣ በኋላ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ ብልጫ የለውም ሲል ፓተንቱን በሆላንድ ውስጥ ውድቅ አደረገው። ዲኬ ዳቦን የጠረጠሩባት ከተማም ይህችው ሄግ ናት። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ የጤፍ ዱቄት ለግሉተን አልባ መጋገሪያ ይሸጣል።

ይሁን እንጂ የጤፍ ንጽሕና እንደ አይስክሬሙ ሁሉ በመስመሩ ይወሰናል። በውጭ አገር የሚጋገር እንጀራ ብዙ ጊዜ ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር የተደባለቀ ነው፤ «የጤፍ እንጀራ» የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በአገር ቤትም በሠፈሩ ወፍጮ ቤት አንዱ መኪና ስንዴውንም፣ ገብሱንም፣ ጤፉንም በተራ ይፈጫል። ወፍጮው ከስንዴ ወደ ጤፍ ሲዞር በድንጋዮቹ መካከልና በመውረጃው አፍ የቀረው ዱቄት ከመጀመሪያው ጤፍ ጋር ይወጣል፤ ጤፍን ለዚህ ዓይነት በሽተኛ አዘጋጅቶ ለመሸጥ የሚያስብ ማንም ሰው ከፓተንቱም ከማሸጊያውም አስቀድሞ ለጤፍ ብቻ የሚሆን አንድ ወፍጮ ማቆም ይኖርበታል።